የሲሊንደሩ ባለቤት

የኢኳዶሯ ከተማ ኩዌንካ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍተው አንዲት ጎልማሳ ሴት የአሥር ዓመት ገደማ የሚሆነውን ልጇን አስከትላ ቆማለች፤ ከታች መንገዱ ላይ ደግሞ የተኮናተረችው ታክሲ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃታል። ከእኔ በፊት በዚህ ቤት ሁለት ዓመት ተኩል ተከራይታ እንደኖረች፣ ስትለቅ የገባችበት ክፍል ጠባብ ስለነበረ የጋዝ ሲሊንደሯን ለአከራይዋ አደራ ትታ እንደወጣች፣ አሁን ግን ስላስፈለጋት ልትወስደው እንደመጣች በትሕትና ነገረችኝ። አከራዬ ቤቱን ስታሳየኝ ሲሊንደሩን ከምድጃው ጋር አብራ ስላሳየችኝ የቤቱ ዕቃ መስሎኝ ነበር። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽሮዬን ስሠራ የከረምኩት በሰው ንብረት ኖሯል።

ግቡ አልኳቸው። ልጁ ማንም ሳይመራው ቀጥ ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደና ተንበርክኮ ከሲሊንደሩ አናት ላይ ያለውን ሬጉሌተር መፍታት ጀመረ። ያ ሬጉሌተር እጄን የላጠው፣ ጋዝ ስጨርስ የጋዝ አዳዩን ልጅ ለምኜ ያስፈታሁት ነገር ነበር። ልጁ ግን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ በአንድ ዙር አላቀቀው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ "ትንሽ ወደ ላይ አንሥተው ነው የሚያዞሩት፤ እንዲሁ ከሆነ አይለቅልዎትም" አለኝ። አነጋገሩ የቤቱን ጠባይ ለአዲስ እንግዳ የሚያስረዳ የባለቤት አነጋገር ነበር።

እናቱ በመስኮቱ በኩል በያኑንካይ ወንዝ ዳር የተደረደሩትን ባሕር ዛፎች እያየች ጥቂት ቆየች። ከዚያም ፊቷን ሳትመልስ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለቤቱ ስንት እየከፈሉ ነው?" አለችኝ። 380 ዶላር አልኳት። ወዲያው አልመለሰችልኝም። "እኔ የምከፍለው 230 ነበር" አለች በመጨረሻ። "ሰኔ ላይ 350 ካላደረግሽ ልቀቂ ተባልኩ፤ አልቻልኩም፤ ለቀቅኩ።" ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ወቀሳም አልነበረም። በአንድ የግል ትምህርት ቤት እንደምታስተምር፣ አሁን ከእናቷ ጋር ሪካውርቴ በሚባለው የከተማው ዳር እንደምትኖር፣ ልጇን ትምህርት ቤት ለማድረስ ሁለት አውቶቡስ እንደምትይዝ የነገረችኝም እኔ ስለጠየቅኳት ብቻ ነው። ሲሊንደሩን ለሁለት ይዘው ደረጃውን ሲወርዱ ልረዳቸው ብል፣ "ግድየለም፣ ለምደነዋል" አሉኝ።

ያን ማታ ራቴን ሳላበስል አደርኩ። ሰኞ ዕለት የራሴን ሲሊንደር ገዛሁ፤ ባዶው 55 ዶላር፣ የ15 ኪሎው ጋዝ ቤት ድረስ መጥቶ 3 ዶላር። ማታ የወጪ ደብተሬን አውጥቼ ሁለቱን ቁጥሮች ጻፍኩ። ከበላያቸው፣ በወሩ መጀመሪያ በትልቁ የጻፍኩት 380 ተቀምጧል። ደብተሩን ስዘጋው፣ ሴትየዋ የነገረችኝ 230 ምንም ቦታ እንደሌለው ታወቀኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ዓመት ሙሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይህ ቦታ ያጣ ቁጥር ነው።

ደብተሩ

ደብተሩን የጀመርኩት ሰዎች ስለጠየቁኝ ነው። በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ጓደኞቼ እኔ ኢኳዶር ልሄድ መሆኑን ሲሰሙ ሁሉም አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ በወር በስንት ይኖራል? ጥያቄው የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም። ሃያና ሠላሳ ዓመት በሆቴል፣ በፓርኪንግ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ደክሞ፣ ጡረታው ሲሰላ የቤት ኪራዩን እንኳ የማይችል ሰው በመካከላችን ብዙ ነው። እኔም የምሠራው ሥራ፣ ማለትም በስልክ ለሐኪምና ለበሽተኛ በአማርኛ ማስተርጎም፣ የትም ሆኜ የምሠራው ስለሆነ ቀድሜ ሄጄ አይቼ ልነግራቸው ቃል ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 መስከረም ላይ ደረስኩ።

ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,550 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሯ የአዲስ አበባን ያስታውሳል፤ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም አያስፈልግም፣ የመብራት ሂሳብም በዚያው ልክ ይቀላል። የእኔ 18 ዶላር አካባቢ ነው፤ የቆሻሻ ማንሻው ክፍያም እዚያው ሂሳብ ላይ ተደምሮ ይመጣ ነበር። ውኃ 7፣ ኢንተርኔት 28፣ ስልክ 12። አውቶቡስ 30 ሳንቲም ነበር፤ ዕድሜያቸው 65 የሞላ ሰዎች በሕግ ግማሹን ብቻ ይከፍላሉ። ታክሲም ጨምሬ ከ22 ዶላር በላይ ወጥቶብኝ አያውቅም። ለአስቤዛ 190 ይበቃኛል። በሳምንት ሦስት ቀን ምሳዬን ውጭ እበላለሁ፤ እዚህ አልሙዌርዞ የሚሉት የቀን ምሳ ሾርባ፣ ሩዝ ከሥጋ ወይም ከዓሣ ጋር፣ ጭማቂና ትንሽ ጣፋጭ ይዞ ከ3 እስከ 4 ዶላር ነው። መታወቂያዬን ካገኘሁ በኋላ ለመንግሥቱ የማኅበራዊ ዋስትና በፈቃደኝነት ተመዘገብኩ፤ ካስመዘገብኩት ገቢ 17.6 በመቶ፣ ይኸውም ያኔ በወር ወደ 81 ዶላር መክፈል ጀመርኩ፣ በእርሱም እታከማለሁ። የውጭ ምንዛሪ የሚባል ጣጣ የለም፤ አገሪቱ የራሷን ገንዘብ ሱክሬን ትታ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የምትገበያየው በአሜሪካ ዶላር ነው። ብቻ የ50ና የ100 ዶላር ኖት ይዞ ሱቅ መግባት ዋጋ የለውም፤ 20 እንኳ የሚዘረዝር ሰው ማግኘት ከባድ ስለሆነ ሳንቲም ሰብስቦ መያዝ ያስፈልጋል። በጠቅላላው የመጀመሪያው ሙሉ ወር ወጪዬ ከ800 ዶላር በታች ሆነ።

የሚከብደውንም አልደበቅኩም። ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ፣ ኮምፒዩተር፣ ስልክ፣ ጥሩ ጫማ፣ የወይራ ዘይት፣ ከሜሪላንድ ዋጋ ይበልጣል። የተጨማሪ እሴት ታክሱ ከ2024 ሚያዝያ ጀምሮ ከ12 ወደ 15 በመቶ አድጓል፤ ያልተቀነባበረ ምግብና መድኃኒት ግን ነፃ ናቸው። ጤፍና በርበሬ የሚመጡት በመንገደኛ ሻንጣ ብቻ ነው። በዚያ ላይ እኔ የደረስኩበት ወቅት የድርቅ ወቅት ሆነና የአገሪቱን ትልቁን የመብራት ድርሻ የሚሰጡት የፓውቴ ወንዝ ግድቦች ውኃ አጠራቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መብራት በፈረቃ ሆነ፤ በአንዳንድ ቀናት እስከ 14 ሰዓት ይጠፋ ነበር። በስልክ ለሚሠራ ሰው ይህ ራሱን የቻለ ወጪ ነው፤ ለኢንተርኔቱ ባትሪ ገዛሁ፣ ጨለማ በሆነባቸው ሰዓቶችም የሥራ ደቂቃዎቼን አጣሁ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለጓደኞቼ ላክሁ። ደስ አላቸው። እኔ ግን ዝርዝሩን በላክሁበት ዕለት እንኳ ያቺ ሴትዮ የቆመችበት መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበርና፣ እውነቱን በሙሉ እንዳልተናገርኩ ተሰምቶኛል።

የማን ርካሽ?

የአገሪቱ መሠረታዊ ደሞዝ በዚያ ዓመት 460 ዶላር ነበር። 230 የዚህ ደሞዝ ልክ ግማሹ ነው። አስተማሪዋ የምታገኘው ይህን ያህል ከሆነ፣ የደሞዟን ግማሽ ለቤት እየከፈለች፣ በግማሹ ልጅ እያሳደገች፣ እንደ ምንም ስትኖር ነበር ማለት ነው። 380 ደግሞ ከአንድ ሙሉ መሠረታዊ ደሞዝ ላይ 80 ዶላር ብቻ ያስቀራል። እኔ "ተመጣጣኝ" ብዬ ፈርሜ የገባሁበት ዋጋ ለዚያች ከተማ ሠራተኛ ዋጋ አይደለም፤ የተዘጋ በር ነው።

ሌላም ነገር አሰላሁ። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ለአራት ሰው ቤተሰብ የሚያስፈልገውን መሠረታዊ የወር ፍጆታ እየለካ ያወጣል፤ በዚያን ጊዜ ወደ 800 ዶላር ገደማ ነበር። እኔ አንድ ሰው ሆኜ "በርካሽ ኖርኩ" ብዬ የጻፍኩትም ከዚያው ገንዘብ ብዙም የሚርቅ አይደለም። የርቀት ሠራተኛ ቪዛ ለማግኘት ደግሞ ያሳየሁት ገቢ በሕጉ መሠረት የመሠረታዊ ደሞዙን ሦስት እጥፍ የሚያህል ነበር። እኔን ወደ አገሩ ያስገባኝ ሕግ ራሱ፣ ከመግባቴ በፊት ከሦስት ሠራተኞች ጋር መዝኖኝ ነበር። ይህን ሁሉ ወረቀት ስሞላ ቁጥሩ ለእኔ መስፈርት ብቻ ነበር፤ የጎረቤቴ ሕይወት መለኪያ መሆኑን አላሰብኩም።

ከዚህ ቀደም ይህንኑ ነገር ከሌላው ወገን ሆኜ አይቼው እንደነበረ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ከዓመታት በፊት ለክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ቦሌ አካባቢ ዕቃ የተሟላለት አፓርታማ ለሁለት ወር ተከራየሁ። ደላላው የጠራውን ዋጋ ሰምቼ በልቤ ወደ ዶላር መነዘርኩና "ይሁን" አልኩ፤ አልተከራከርኩም። በማግስቱ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ ቤት ኪራይ እንዴት ርካሽ መሆኑን እያደነቅኩ ተናገርኩ። አክስቴ ሲኒውን እያቀበለችኝ፣ "ለአንቺ ነዋ ልጄ" ብቻ አለች። በዚያ ዓመት አከራይዋ ሁለት ጊዜ ጨምሮባት፣ አርባ ዓመት ከኖረችበት ሰፈር ልትለቅ ቀን እየቆጠረች እንደነበረ የሰማሁት ወደ አሜሪካ ከተመለስኩ በኋላ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው ነው፤ ዋጋውን ያናረው ሌላ፣ የወጣችው እርሷ።

በርግጥ የአክስቴን ኪራይ የጨመርኩባት እኔ ብቻ አይደለሁም። የኩዌንካዋንም አስተማሪ ያስለቀቅኳት እኔ አይደለሁም፤ ስትለቅ እኔ ገና ትኬት አልቆረጥኩም። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ሆኖም አከራይዋ 350 ብላ ስትጠይቅ እርግጠኛ የነበረችው በምን ነበር? ከታሪካዊው መሐል ከተማ ጀምሮ እስከ ወንዞቹ ዳር ጡረተኛ አሜሪካውያን ሲከራዩ ለዓመታት አይታለች፤ ከእነርሱ አንዱ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። የመጣሁት እኔ ነኝ። ስሜን ሳታውቅ እኔን ጠብቃ ነው የጠየቀችው።

ያፓ

በሳምንት አንድ ቀን ፌሪያ ሊብሬ የሚባለው ትልቁ ገበያ እሄዳለሁ። ለሐበሻ ሰው ይህ ገበያ እንግዳ አይደለም። ሞቴ የሚሉት የበቆሎ ንፍሮ ነው፤ ቶስታዶ የሚሉት ቆሎ ነው፤ ማችካ የሚሉት ደግሞ የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ አንድም ሳይቀር የእኛው በሶ ነው። መጀመሪያ የቀመስኩ ዕለት ሻጯ ፊት ቆሜ እንባዬ መጣ። ቲማቲሙ፣ ማንዳሪኑ፣ ሽንኩርቱ በመደብ ወይም በከረጢት ይቀርባል፤ ዋጋው ሁልጊዜ "አንድ ዶላር" ነው። ነገር ሲወደድ ዋጋው አይለወጥም፣ መደቡ ነው የሚሳሳው፤ ወቅቱ ሲሆን በዶላር 25 ማንዳሪን ይሰጣል፣ ወቅቱ ሲያልፍ 12። ከገዙ በኋላ ደግሞ ምርቃት አለ። ያፓ ይሉታል፤ ቃሉ ከኬችዋ የመጣ ነው። ደንበኛዋን "ካሴሪታ" ብላ የምትጠራ ሻጭ ያፓ ሳትጨምር ከረጢቱን አታቀብልም።

የእኔ ደንበኛ ሰፊ ጥልፍ ቀሚስ የምትለብስ፣ የገለባ ባርኔጣ የምታደርግ፣ በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። አስተማሪዋ ከመጣች በኋላ ባሉት ሳምንታት እኔ ሳላውቀው አንድ ልማድ ጀምሬ ነበር፤ መልስ መቀበል ተውኩ። ሃምሳ ሳንቲም፣ ሃያ አምስት ሳንቲም መደቡ ላይ ትቼ እሄዳለሁ። ቸርነት መስሎኛል፤ ይልቁንም የሆነ ዕዳ እየከፈልኩ ያለሁ መስሎኛል።

አንድ ቀን የዛፍ ቲማቲም ገዝቼ እንደልማዴ ሃምሳ ሳንቲም ትቼ ስዞር ጠራችኝ። "ካሴሪታ፣ ገንዘብዎትን ረሱ።" ለእርስዎ ነው፣ ያስቀሩት አልኳት። ሳንቲሙን አነሣችና አየችው። ከዚያ ምንም ሳትናገር አምስት ስድስት ፍሬ የዛፍ ቲማቲም ቆጥራ ከረጢቴ ውስጥ ጨመረችና፣ "ያፓ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ገዢ ለሻጭ ያፓ አይሰጥም" አለች። ስታየኝ እንዳልገባኝ ሳይታወቃት አልቀረም፤ ጎንበስ ብላ፣ ጎረቤቶቿ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። "እርስዎ ዛሬ አንድ ከሃምሳ ከከፈሉኝ፣ ነገ ያቺ ማዶ ያለችው እርስዎን የመሰለ ሰው ስታይ ከአንድ ከሃምሳ ትጀምራለች። ከነገ ወዲያ እኔም አንድ ከሃምሳ እላለሁ። ታዲያ የእኔ ልጅ በስንት ትገዛለች?"

እዚያ ቆሜ የአስተማሪዋን ልጅ አሰብኩ። ሃምሳ ሳንቲሟን ይህች ሴት ወዲያው መለሰችልኝ። ቤቱ ላይ የተውኩትን 150 ዶላር ግን የመለሰልኝ የለም፤ በየወሩ እየተውኩት ሄጃለሁ። ዋጋ ሳይጠይቁና ሳይከራከሩ መክፈልን ከልጅነቴ ጀምሮ የጨዋነት ምልክት አድርጌ ነበር የማየው። ንፉግ እንዳልባል ብዬ ስንት ቦታ ዝም ብያለሁ! ዝምታዬ ግን ከእኔ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር ኖሯል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉት አባቶቻችን የዝምተኛውን ጉዳት አይተው ነው፤ በእኔ ዝምታ ግን የቀረባት እኔን የማታውቅ ሴት ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩት። በአንዱ በኩል የከፈልኩትን፣ በሌላው በኩል የሰፈሩ ሰው ለዚያው ነገር የሚከፍለውን ጻፍኩ። አውቶቡሱ፣ ጋዙ፣ ምሳው፣ መብራቱ ሁለቱም ዓምድ ላይ እኩል ናቸው፤ እነዚህ ላይ መንግሥት ወይም ልማድ ዋጋ ቆርጧል። የሚለያዩት ሰው ከሰው ጋር ተነጋግሮ የሚቆርጣቸው ናቸው፤ ቤት ኪራይ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የልብስ ስፌት፣ የቤት ሠራተኛ። ትልቁ ልዩነት ያለው ኪራይ ላይ ነው። 230 በመጨረሻ ቦታ አገኘ።

መስከረም

ውሌ እ.ኤ.አ. በ2025 መስከረም ላይ አለቀ። አከራዬ ምድር ቤት የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ስታጥብ ሰላምታ ሳንለዋወጥ አንተላለፍም። ወረቀቱን ይዛ መጣችና ለሚቀጥለው ዓመት 400 እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ለወራት ስዘጋጅ የቆየሁበትን ቃል ተናገርኩ። "ከእኔ በፊት የነበረችው 230 ትከፍል እንደነበር አውቃለሁ" አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ቤቷ አስገብታ ቡና አፈላችልኝና ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አሳየችኝ። ትንሹ ልጇ ነው። በ2021 ሜክሲኮ ለኢኳዶር ሰዎች ያለ ቪዛ መግባት ገና ሳትከለክል በፊት በዚያ በኩል አልፎ ኒውዮርክ ገባ፤ ኩዊንስ ይኖራል፣ ጣሪያ ይሠራል። ለመንገዱ የተከፈለው ገንዘብ ቹልኬሮ ከሚባሉት አራጣ አበዳሪዎች የመጣ ነው። ወለዱ በየወሩ ይከፈላል፤ ልጁ አንድ ሰሞን ከጣሪያ ወድቆ ሥራ ሲፈታ የሚከፍል ጠፋ። ሰኔ ላይ 350 ያለችው ለዚያ ነበር። "አስተማሪዋን እወዳት ነበር፤ ልጇ እዚህ መጥቶ የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር" አለችኝ። ከዚያ ወደ እ.ኤ.አ. 1999 ተመለሰች። መንግሥት በመጋቢት ባንኮችን ሲዘጋና የሰውን ቁጠባ ሲያግድ የባሏ የሃያ ዓመት ቁጠባ ውስጥ ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ ወደ 7,000 ሱክሬ ይመነዘር የነበረው ዶላር በ2000 ጥር ላይ በ25,000 ሲተከል፣ ያ ቁጠባ ከጥቂት ወራት አስቤዛ የማያልፍ ሆኖ ተመለሰላቸው። "ከዚያ ወዲህ ባንክ ያስቀመጥኩት ነገር የለም። ያለኝ ይህ ላይኛው ፎቅ ብቻ ነው" አለች።

ይህን ስሰማ የምጠላው ሰው አጣሁ። አገሬ ላይም የማውቀው ታሪክ ነው፤ ልጁን በደላላ በኩል ለመላክ ቤቱን አስይዞ የተበደረ፣ ከዚያ ያንን ቤት ባገኘው ዋጋ የሚያከራይ ስንት ወላጅ አለ። በ2016 ዓ.ም. የቤት ኪራይ መቆጣጠሪያ አዋጅ ሲወጣ አንዲት ዘመዴ፣ "ተከራዩን ሰው አስቦለታል፤ እኔ ግን የምከፍለውን ዕዳ በየትኛው አዋጅ ላሳንስ?" ብላኝ ነበር። ኩዌንካ ውስጥ የእኔ ኪራይ የኒውዮርክን ዕዳ ይከፍላል፤ እኔ ደግሞ የሜሪላንድን ኪራይ ሸሽቼ ነው የመጣሁት። አስተማሪዋ ግን የትም አልሄደችም። አልተበደረችም፣ አልተሰደደችም፤ ልጇን ይዛ በተወለደችበት ከተማ ለመኖር ብቻ ነበር የሞከረችው፤ ከሦስታችን ቤቱን ያጣችው እርሷ ናት።

በዚያው ሳምንት ከሲልቨር ስፕሪንግ መልእክት ደርሶኝ ነበር። ጡረታ ልትወጣ ስድስት ወር የቀራት ጓደኛዬ ናት። "ያን ቤት የምትለቂ ከሆነ ለእኔ ያዢልኝ። 450ም ቢሉ እከፍላለሁ፣ እዚህ 1,900 እየከፈልኩ አይደል?" ይላል። ጓደኛዬን አልወቅሳትም፤ ሁለት ሥራ እየሠራች ሦስት ልጆች ያስተማረች ሴት ናት፣ ማረፍ ይገባታል። ከአከራዬ ፊት ተቀምጬ ቡናዬን ስጠጣ ይህ 450 ስልኬ ውስጥ ነበር። አላነሣሁትም። ከብዙ ንግግር በኋላ በ320 ተስማማን፤ ከ400 ወደ 230 ግማሽ መንገድ እንኳ የማይሞላ ነው፣ ከ400 ግን ይሻላል። በውሉ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ለመንኳት፣ ተስማማች፤ እኔ ስለቅ ቤቱ ለማንም ይከራይ ለማን፣ የመጀመሪያው ዋጋ ይኸው 320 ይሆናል። ሕግ ፊት የሚቆም መስመር መሆኑን አላውቅም። እርሷ ግን በእጇ ጽፋ ፈርማለች።

አስተማሪዋን ላገኛት ሞከርኩ። አከራዬ የያዘችው ስልክ ቁጥር አይሠራም። ሪካውርቴ ሰፊ ነው፤ ሁለት ቅዳሜ በአውቶቡስ ሄጄ፣ አደባባዩ አካባቢ ባሉ ሱቆች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ያላት አስተማሪ ያውቁ እንደሆነ ጠይቄያለሁ። የሚያውቃት አላገኘሁም።

ለጓደኛዬ ባለፈው እሑድ ደወልኩላት። የደብተሩን ሁለቱንም ዓምዶች አንድ በአንድ አነበብኩላት፤ የመሠረታዊ ደሞዙን፣ የሃምሳ ሳንቲሙን ነገር፣ የሲሊንደሩን ነገር ሁሉ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ሰማችኝ። ልትቆጣኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከደከመች በኋላ አንድ ርካሽ አገር አገኘሁ ስትል እኔ እየከለከልኳት እንዲመስላት አልፈለግኩም። "ታዲያ አልምጣ ነው የምትይኝ?" አለች።

"ነይ" አልኳት። "ነገር ግን ቤት ስታዪ ዋጋ ሲጠሩልሽ ወደ አሜሪካ ደሞዝሽ አትመንዝሪው። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው ስንት ይከፍል እንደነበር ጠይቂ፣ ጎረቤትም ጠይቂ።"

"ካልነገሩኝስ?"

"230 ብለሽ ጀምሪ" አልኳት።